ዘጠኝ ጠጠር፣ አንድ ምት

ቤታችን ሥር ያለው ጠረጴዛ ግሪንሃርት ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ስለሆነ ምስጥም ጎርፍም አልደፈረውም። ፊቱ ግን ተጎድጉዷል። አብዛኞቹ ጉድጓዶች በቀኝ በኩል ናቸው፤ ባለቤቴ ዩሊን በቀኝ እጇ ሠላሳ ዓመት የዶሚኖ ጠጠር ስትመታበት የሠራቻቸው። በግራ በኩል ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ጥልቀትም የላቸውም። የግራዎቹ የሰባት ሳምንት ሥራ ናቸው። እሷ ከሞተች ወዲህ ጠረጴዛውን የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ጨርቁ ግራ በኩል ሲደርስ እጄ ይዘገያል።

ዩሊን ፍሬዘር የተወለደችው እዚሁ፣ በኤሴኪቦ ወንዝ አፍ ላይ ባለችው ደሴታችን ነው። አባቷ የሩዝ ወፍጮ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ዶሚኖ ይጫወታሉ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የደሴቱ ትንሽ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ወለል ጠራጊ አድርጎ ቀጠራት። መድኃኒት ቀማሚው ሚስተር ታፒን ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የጠርሙሶቹን ጽሑፍ የምታነብላቸው እሷ ሆነች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ቤት የምንነጋገርበት እንግሊዝኛ አይደለም። አንዱ ቃል ብቻውን ጠርሙሱን ይዞረዋል። ዩሊን አንድ ፊደል ሳትስት ታነባለች፤ ሁሉንም በእኩል ድምፅ ስለምትለው ግን ሚስተር ታፒን ምን እንዳለች አይገባቸውም።

“ልጄ፣ የሩዝ ጆንያ እየቆጠርሽ ነው” አሏት አንድ ቀን። “ጆንያ ሁሉ እኩል ይመዝናል። ቃል አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል። እሱን ካላገኘሽው ሌላውን ሁሉ ብትይውም አልተባለም።”

በሚቀጥለው እሑድ አባቷ ሲጫወቱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ አየች። ተጫዋቾቹ ነጥብ ያለበትን ጠጠራቸውን ቀስ እያደረጉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አንደኛው ብድግ ይልና የያዘውን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ያጮኸዋል፤ ብርጭቆው ይዘላል፣ ጨዋታውም የሚታወቀው በዚያ ምት ነው። ሰኞ ጠዋት ዩሊን ሰባት ጠጠር በሽርጧ ኪስ ይዛ መድኃኒት ክፍል ገባች። አባቷ ለሁለት ሳምንት ጠጠር ጎደለብኝ ሲሉ ከረሙ።

እኔ ሳገባት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆና ነበር። የምስክር ወረቀት አልነበራትም። ከከተማ ለስድስት ወር የሚመጡ ወጣት ሐኪሞች ግን በሯን በቀስታ አንኳኩተው፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ ቃል እንዴት ይባላል ብለው ይጠይቋታል። ማታ ማታ ደግሞ የረዳት ነርስነት ፈተና የሚወስዱ ሴቶች ቤታችን ሥር ይሰበሰባሉ። የሁላችንም ቤት በረጅም የእንጨት እግር ላይ የቆመ ነው፤ ሥሩ ጥላ ነው፣ አልጋ ገመድ የምንለው ተንጠልጣይ መኝታ ይሰቀልበታል፣ ትምህርትም ይሰጥበታል።

ዘዴዋ ቀላል ነበር። ቃሉን ራስ፣ ሆድና ጅራት ብላ ትከፍለዋለች። ራሱ “ካርዲዮ” ከሆነ ነገሩ የልብ ነው። ጅራቱ “አይቲስ” ከሆነ አንድ ነገር ተቆጥቶ አብጧል፤ “ኤክቶሚ” ከሆነ ተቆርጦ ወጥቷል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጠጠር ይቀመጣል፣ ከባዱ ድምፅ ላይ ሲደረስ ይመታል። “ማይክሮስኮፕ” ሲባል ምቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጅራቱ ረዝሞ “ማይክሮስኮፒ” ሲሆን ምቱ ወደ “ክሮ” ይሄዳል፤ “ማይክሮስኮፒክ” ሲሆን ደግሞ ወደ “ስኮ” ይሸሻል። ክብደቱን የሚጎትተው ጅራቱ ስለሆነ ጅራቱን ሳታዩ አትምቱ ትላቸዋለች። እኔ የባሕሩ መዝጊያ በር ጠባቂ ነበርኩ፤ ውሃው ሲሸሽ ከፍቼ የእርሻውን ውሃ አስወጣለሁ፣ ውሃው ሲመለስ እዘጋለሁ። በቀረው ጊዜ ፎቅ ላይ ተኝቼ ከወለሉ ሥር ያን ምት ስሰማ ኖርኩ። ሳልማረው ተማርኩት።

ጎረቤታችን ሃሪላል ሁልጊዜ ይቀልድባት ነበር። በዶሚኖ የሚጫወተው ያጣ ሰው ጠረጴዛውን አንኳኩቶ ተራውን ያሳልፋል። “በእኛ ጨዋታ የሚያንኳኳው ባዶ እጁን የቀረ ነው” ይላል ሃሪላል። “ያንተ ሚስት ጋ የሚያንኳኳው ያገኘው ነው። የደሴቱን ሁሉ ጨዋታ አበላሸችው እኮ።”

ስትሮክ የመታት፣ ሰው ሁሉ ጓድ በሚባልበት ዘመን፣ ፈተናው ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከመዝጊያው በር ስመለስ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች፤ የጨው ዓሣና ቂጣ ፊቷ አለ፣ አልተነካም። ምን ሆንሽ አልኳት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል አልነበረም። ሐኪሙ መጥቶ ቀኝ እጇና ንግግሯ ተይዘዋል፣ ማሰብ ግን ታስባለች፣ ትሰማለች፣ ሁሉ ይገባታል አለኝ። ዕረፍት አዘዘላት።

በዚያ ዓመት ተማሪዎቿ ስድስት ነበሩ። አምስቱ በሳምንቱ ውስጥ ወደ ማዶ፣ ወደ ሌላ አስተማሪ ተሻገሩ። አልፈረድኩባቸውም። ድሩፓቲ ብቻ ቀረች።

ድሩፓቲ አሥራ አንድ ዓመት የሆስፒታሉን አንሶላ ያጠበች ሴት ናት። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ጫካ ገብቶ ከቀረ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሦስት ልጆች አሏት። በዚያ ዓመት አንሶላው ሁሉ በጀልባ ከተማ ሄዶ በማሽን ይታጠባል ተባለ፤ ከገና በኋላ እንጀራዋ የለም። ረዳት ነርስ ሆና ካልገባች ሆስፒታሉ አያስቀራትም። ከዚህ በፊት አንዴ ተፈትና ወድቃለች። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ አይፈተንም፤ እሷ በጥር ይሞላታል። ስለዚህ ያ ፈተና የመጨረሻዋ ነበር።

ሐኪሙ በመጣ በሦስተኛው ቀን ማታ ደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት። እጆቿ በሳሙና ነጭ ሆነዋል። ዩሊን አልጋ ገመዱ ላይ ነበረች።

“ላያት ነው የመጣሁት አጎቴ። ለትምህርት አይደለም” አለችኝ፤ ለአክብሮት አጎቴ ትለኛለች።

ደብተሯን ግን ይዛለች። እኔም ደብተሩን አይቼ፣ ሐኪሙ ዕረፍት ነው ያዘዘው፣ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ አልኳት። ስላዘንኩላት ቃሌ ጠንከር ብሎ ወጣ። ዞር ስትል ኋላዬ አንድ ነገር ወደቀ። ዩሊን በግራ እጇ የዶሚኖውን ሣጥን ከጠረጴዛው ስባ እግሬ ሥር ጥላዋለች። ሃያ ስምንቱም ጠጠር ተበትኗል። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ተንበርክኬ ለቀምኩ፤ ድሩፓቲም ተንበርክካ ረዳችኝ፤ እንዲህ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ በየማታው መጣች። ድሩፓቲ ቃሉን ታነባለች፣ ጠጠር ትደረድራለች፤ ዩሊን ከባዱ ላይ በግራ እጇ ትመታለች፤ ከዚያ ድሩፓቲ ራሷ እየመታች ትደግመዋለች። የዩሊን ምት ደካማ ነበር፣ አንዳንዴ ጠጠሩ ከጣቷ ያመልጣል። ድሩፓቲ ከሳተች ግን ዩሊን ማስረዳት ስለማትችል ጠጠሩን በሙሉ በክንዷ ጠርጋ መሬት ትጥለዋለች። ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ አንሶላ ላይ አጎንብሳ ውላ፣ ማታ ጠረጴዛ ሥር በጉልበቷ ጠጠር ትለቅማለች። አንዴ በአንድ ቃል ላይ ስድስት ጊዜ ለቀመች።

“ቲቸር፣ ድሮ በአፍዎ ሲሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር” አለች በስድስተኛው፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆና።

ያለችውን ሰምታ ደነገጠች መሰለኝ፣ ወዲያው አልወጣችም። ዩሊን ሳቀች። ግማሽ ፊቷ ነው የሳቀው። ከስትሮኩ ወዲህ ሳቅ ያየሁባት ያን ጊዜ ነው።

የቃሉ ዝርዝር ስድሳ ነበር፤ ፈታኞቹ ግን ከዝርዝሩ ውጭም ይጨምራሉ። ለዚህ ነው ዩሊን ጅራቱን ያላየ ይለፍ የማትለው። ድሩፓቲ ጅራቱን በእርሳስ ታሰምራለች፣ ከዚያ ብቻ ትመታለች። በስድስተኛው ሳምንት ድሩፓቲ ከስድሳው ሃምሳ ሰባቱን ሳትስት አለች። ሃሪላል ሳይቀር አልጋ ገመዱ ላይ ሆኖ አብሮ ይቆጥር ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም፤ እኔም፣ ድሩፓቲም፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማረችው ዩሊንም።

የፈተናው ቀን መዝጊያውን በር ለሃሪላል አደራ ሰጥቼ ሦስታችን በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገርን። ዩሊን መሄድ አልነበረባትም፤ እኔም ነግሬያት ነበር። ኮፍያዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የዶሚኖው ሣጥን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ጆርጅታውን የደረስነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የፈተናው ቤት እንደ አሮጌዎቹ ቤቶች ሁሉ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ወለሉ እንጨት፣ ግድግዳው ሳንቃ፣ መስኮቶቹ ደግሞ ከጠባብ ጣውላ ተደርድረው የተሠሩ ስለሆኑ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው በክፍተታቸው ውስጡን ያያል። ዩሊንና እኔ ግድግዳውን ተጠግተን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የድሩፓቲ ስም ተጠራ። በአዲስ ጫማዋ እየተጠነቀቀች ገባች።

በጣውላዎቹ መሐል አጮልቄ አየሁ። ክፍሉ መሐል አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች። የፈታኞቹ ጠረጴዛ ከእሷ አምስት እርምጃ ይርቃል። ፊት ለፊቷ የምትመታበት ምንም ነገር የለም።

ፈታኞቹ ሁለት ናቸው። ዋናው ጓድ ቫን ላንግ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ የደንቡን ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ወፍራም የነርሶች አለቃ ናቸው፤ ሁሉም ሜትረን ይላቸዋል። ጓድ ቫን ላንግ ደንቡን አነበበላት። ሠላሳ ቃል ትጠየቃለች፤ ቃሉን ትላለች፣ ክፍሎቹ ምን ማለት እንደሆኑ ትናገራለች፤ ስድስት የሳተ ይወድቃል። ማስታወሻ እንዳይደበቅ ሁለት እጅ ጉልበት ላይ ሆኖ አይንቀሳቀስም።

የመጀመሪያውን ቃል ሰጧት። ከስድሳው አንዱ ነው፤ ሃያ ጊዜ ጠረጴዛችን ላይ ያለችው። የቀኝ እጇ ከጉልበቷ ትንሽ ተነሳ፣ ተመለሰ። ከዚያ ቃሉን አለችው፤ ሁሉን እኩል፣ እንደ ጆንያ። ጓድ ቫን ላንግ በእርሳሱ የስሕተት መስመር አሰመረ። ሁለተኛው ላይ ተሳካላት፤ ሦስተኛው ላይ ሳተች። ትርጉሙን ስትጠየቅ አትሳሳትም፤ ራሱንም ጅራቱንም ታውቃለች። ቃሉን ራሱን ማለት ነው ያቃታት። እጇ የሚያውቀውን አፏ ብቻውን አላወቀውም። የሷ ጥፋት አልነበረም። እኛ ነን ያለ ጠረጴዛ ቃል እንደሌለ አድርገን ያስተማርናት።

በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። አሥረኛው ላይ የሳተችው ሦስት ሆነ፤ አሥራ አምስተኛው ላይ አራት፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ አምስት። አንድ ቀራት። ጓድ ቫን ላንግ ወረቀቱን ገልጦ ውሃ ጠጣ።

ዩሊን ቦርሳዋን ከፈተች። በግራ እጇ ያወጣችው ጠጠር አምስት አምስት ነጥብ ያለበት ነበር። ሳንቃው ከእጇ ሁለት ጣት አይርቅም። ድሩፓቲ የተቀመጠችው ደግሞ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ነው፤ ትንሽ ምት ብትሆን ትሰማለች፤ ፈታኞቹ በረንዳ ላይ ሰው ተንቀሳቀሰ ይላሉ።

“ምቺላት” አልኳት በሹክሹክታ። “ማን ያውቃል?”

ጠጠሩን ወደ ሳንቃው አነሳችው። እዚያው አየር ላይ ቆመ። ጓድ ቫን ላንግ ሃያኛውን ቃል አነሳና ወረቀቱን ለድሩፓቲ አሳያት። ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም፤ ርዝመቱን ግን አየሁት። ሜትረን ጮክ ብለው አሉት፤ እሳቸውም መሐሉ ላይ ተደናቀፉ፦ ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራፊ።

የት እንደሚመታ ዐወቅኩ። ከወለሉ ሥር ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ነገር ነው። ዩሊን እጇን ዝቅ ስታደርግ እኔ ጣቴን አጥፌ ወደ ሳንቃው ዘረጋሁ።

የእጄን አንጓ ያዘችው። ጠጠሩ በመዳፏና በእጄ መሐል ነበር። ያን ያህል ኃይል በግራ እጇ እንዳለ አላውቅም ነበር። አላየችኝም፤ ዓይኗ በጣውላዎቹ መሐል ድሩፓቲ ጀርባ ላይ ነው። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሦስት ልጆች ያሏት ሴት እንጀራዋ በአንድ ቃል ሊወድቅ ነው፣ አንቺ እጄን ትይዣለሽ ብዬ አሰብኩ። እጄን ግን አልነጠቅኳትም።

ድሩፓቲ አንገቷን ከወረቀቱ ወደ ፈታኞቹ ጠረጴዛ አዞረች።

“ጓድ” አለች ድሩፓቲ። “ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ላስጠጋ?”

“ለምን?”

“ቃሉን መምታት አለብኝ። የተማርኩት እየመታሁ ነው።”

“እጅ ጉልበት ላይ ይሆናል ይላል” አለ ጓድ ቫን ላንግ፣ በጣቱ መስመሩን እያሳየ። “አነበብኩልዎት።”

ሜትረን ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። “ዋርድ ውስጥ የት ልትመቺው ነው? በሽተኛው ደረት ላይ?”

“ዋርድ ውስጥ በሆዴ እመታዋለሁ ሜትረን። ዛሬ ሆዴ ባዶ ነው።”

ሜትረን ሊስቁ ሲሉ ተዉት። ጓድ ቫን ላንግ ግን ጊዜው እየሄደ ነው፣ ይመልሱ ወይስ ልሰርዝ አላት። እርሳሱን አነሳ። የዩሊን ጣቶች እጄ ላይ ጠበቁ።

“ስለ እግርስ ይላል?” አለች ድሩፓቲ።

“ምን?”

“ደንቡ። እጅ ጉልበት ላይ ነው አሉ። ስለ እግር ምን ይላል?”

ጓድ ቫን ላንግ ወረቀቱን ገለጠ። ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ጀርባውን ገለበጠ፣ እንደገና ፊቱን አነበበ። ሜትረን ቁልቁል የራሳቸውን እግር አዩ።

“ስለ እግር የተጻፈ ነገር የለም” አለ በመጨረሻ፣ ቅር እያለው።

ድሩፓቲ አዲሱን ጫማዋን በሌላው እግሯ ገፍታ አወለቀች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ጅራቱን መጀመሪያ እንዳየችው አውቃለሁ፤ አንገቷ ወደ ወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ዘመም ብሎ ነበር። ከዚያ በእግሯ ጣቶች ወለሉን ነካ ነካ አደረገች። ኢ። ሌክ። ትሮ። ኤን። ሴ። ፋ። በረንዳው ላይ እንኳ በጭንቅ ይሰማል። ተረከዟን አንስታ “ሎግ” ላይ መታች። የእንጨቱ ወለል ጮኸ፤ የጓድ ቫን ላንግ ብርጭቆ ከነውሃው ተንቀጠቀጠ። ራ። ፊ። ዘጠኝ።

“ትርጉሙ?” አለ ጓድ ቫን ላንግ።

“ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ሆዱ አንጎል ነው። ጅራቱ መጻፍ ነው። አንጎል ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ መጻፍ።”

“እንዲህ ያለ መሣሪያ እዚህ አገር የለንም” አሉ ሜትረን፣ ለማንም ሳይሆን።

እርሳሱ አላሰመረም። የቀሩትን አሥር ቃላት ጓድ ቫን ላንግ ምንም ፋታ ሳይሰጥ አከታትሎ ጠየቃት። በእያንዳንዱ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ተረከዟ ሲጮህ እለቀዋለሁ። ሃያ አምስተኛው ላይ ግን ተረከዟን አልሰማሁም። የወደቀች መስሎኝ በክፍተቱ አየሁ። እግሯ ወለሉ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ቃሉ ግን ክብደቱን ይዞ በቦታው ወጣ። ቀጣዮቹ አምስቱም እንደዚያው ወጡ። ሠላሳ ሲል ጓድ ቫን ላንግ መስመሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አምስት ነበሩ።

ድሩፓቲ በረንዳው ላይ ስትወጣ እንባዬን አዘጋጅቼ ነበር። ዩሊን ግን በጣቷ ወደ ታች አመለከተች። ድሩፓቲ ቁልቁል አየች።

“ጫማዬን!” ብላ ተመልሳ ገባች፤ ሜትረን ውስጥ ጮክ ብለው ሲስቁ ሰማን።

ጀልባው ላይ ድሩፓቲ እንቅልፍ ወሰዳት። ዩሊን ወደ ውሃው እያየች ነበር። እጅጌዬን ስሰበስብ አንጓዬ ላይ ምልክቱን አየሁት፤ አምስት ነጥብና አምስት ነጥብ፣ መሐላቸው መስመር። ለዩሊን አሳየኋት። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ እንደማይጠፋ ስታይ እጅጌዬን መልሳ ዝቅ አደረገችልኝ። ለምን እንደያዘችኝ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ጥቂት ቃላት ተመለሱላት፤ ስሜ አንዱ ነበር። ስትሞት ያጠበቻትና ያለበሰቻት ድሩፓቲ ናት፣ እሷ ራሷ ነጭ የነርስ ልብሷን ለብሳ። አምስት አምስቱን ጠጠር ግራ እጇ ውስጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እንዳላወቀ ሆኜ አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ድሩፓቲን ስጠይቃት እኔ አይደለሁም አለች፤ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ ግን ታውቅ ነበር።

አሁን እሑድ እሑድ ሃሪላል ይመጣል። በሃያ ሰባት ጠጠር ጨዋታ የለም እያለ ስላጉረመረመ ካርቶን ቆርጬ አሥሩን ነጥብ በቀለም አደረግኩበት። ቁጥሩ ልክ ነው። ሃሪላል ያ ሲደርሰው ክንዱን እስከ ጆሮው ድረስ ያነሳና ይመታል፤ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል፣ ድምፅ የለውም።